በጌታ ቀኝ ያለው ቢጫ መስታወት፦ የአቶ ፍቅረማርያም ዘውዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍቅረማርያም ዘውዱ ከአባታቸው ከአቶ ዘውዱ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በላቸው ኅዳር 21 ቀን 1942 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል ስለነበረ እናታቸው ስም ለመምረጥ ብዙ አልተቸገሩም። አባታቸው በምድር ባቡር ጋራዥ አናጢ ነበሩ። የተሰበረ የፉርጎ መስኮት ጠግነው መስታወት የሚገጥሙትም እርሳቸው ነበሩ። አቶ ፍቅረማርያም ሙያውን ከየት አመጡት ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በዚያው በድሬዳዋ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1958 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። እናታቸውንና ታናሽ እህታቸውን ዘውድነሽን የሚረዳ ሌላ ሰው ስላልነበረ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዘውድነሽ የኔ እናት ናት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ራሔል የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ዶሃ በነርስነት እሠራለሁ። አጎቴ በሰው ፊት መመስገን አይወዱም ነበር። ዛሬ ግን ሊያቋርጡኝ ስለማይችሉ እንደልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

በአዲስ አበባ የተቀጠሩት ፒያሳ አካባቢ፣ ሙሴ ሃጎፕ የሚባሉ አርመናዊ ባለሙያ በነበሩበት የመስታወት ቤት ነው። የቤቱ የዘወትር ሥራ የፎቶ ፍሬምና የቁም ሣጥን መስታወት ነበር። አልፎ አልፎ ግን ጥገና የሚፈልግ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ይመጣል። ያን ቀን ሙሴ ሃጎፕ ሱቁን ዘግተው፣ እጃቸውን ታጥበው ነበር አሉ ሥራ የሚጀምሩት። አቶ ፍቅረማርያም ባለ ቀለሙን መስታወት በአልማዝ መቁረጥን፣ የፊትና የልብስ መስመር በቀለም ሥሎ በምድጃ ማቃጠልን፣ ቁርጥራጩን በቀጭን የእርሳስ ብረት እያሰሩ መበየድን ከእርሳቸው ተማሩ። ሰባት ዓመት ፈጀባቸው።

እጁን ያስተማሯቸው ሙሴ ሃጎፕ ቢሆኑም ትርጉሙን ያስተማሯቸው ለዚያ ቤት ሥዕል የሚነድፉ አንድ መምህር ናቸው። ጻድቅ ሲሣል ፊት ለፊት ያያል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል ይቀመጣል፤ የጌታ ደም ወርዶ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። ከላይ ፀሐይ ትጨልማለች፣ ጨረቃ ደም ትመስላለች። በጌታ ቀኝ እመቤታችንና በንስሐ የዳነው ወንበዴ፣ በግራ ደግሞ ዮሐንስና ያ ሌላው ወንበዴ ይሆናሉ። የጌታ ራስ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አቶ ፍቅረማርያም ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለሠላሳ ሁለት ዓመት የሚያውሉበት ቦታ አላገኙም።

በ1968 ዓ.ም. ሙሴ ሃጎፕ ከሀገር ሲወጡ ሱቁ ተዘጋ። አቶ ፍቅረማርያም በመንግሥት የሕንፃ ሥራ ውስጥ መስታወት ገጣሚ ሆነው ተቀጠሩ። ጥር 1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ አመለወርቅ ታደሰ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። በ1973 ሥዩምን፣ በ1978 ሊያን ወለዱ። ወይዘሮ አመለወርቅ እንደሚሉት በሠላሳ ዓመት ትዳር የተጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎቴ የተሰበረ ነገር አይጥሉም። ሰው ቤት ሄደው እንኳ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ካዩ አንሥተው ወደ ብርሃን ሳያዞሩት አያልፉም። እንግድነት ሄደው የሰው ዕቃ ሲመረምሩ ስንቴ አፍረናል መሰላችሁ።

በ1987 ዓ.ም. ወደ ዶሃ መጥተው ሰናዒያ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር በሚገኝ አንድ የአልሙኒየምና የመስታወት ድርጅት ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አል አስማኽ ሰፈር ከሰባት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ኖረዋል። በኋላ ፎርማን ሆኑ፤ የቤተሰብ መኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ ሲሰጣቸው በ1995 ዓ.ም. ወይዘሮ አመለወርቅንና ሊያን አመጡ፤ ናጅማ ሰፈር ቤት ተከራዩ። በባሕሩ ዳር በኮርኒሽ ስትነዱ ከምታዩአቸው ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የእርሳቸው እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው። ድርጅቱ ውስጥ ሕንዱም ኔፓሉም ፊሊፒኑም «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ነበር የሚላቸው። ሰው ሲሳሳት አይጮሁም። ሥራውን ከእጁ ተቀብለው፣ ዝም ብለው ደግመው ሠርተው ያሳዩታል። መጮሁ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ።

ካስተማሯቸው ሁሉ ቅርባቸው ደምሰው አበራ ነው። ደምሰው በ1991 ዓ.ም. በቀን ሠራተኝነት ሲመጣ መስታወት በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ከእርሳቸው ቀጥሎ ያለ ገጣሚ ሆነ። የዚህ ሀገር የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ወደ ጸሎት የሚያመጣቸውም እርሱ ነበር፤ አጎቴ ለመንጃ ፈቃድ አራት ጊዜ ተፈትነው አራቱንም ስለወደቁ። ይህንንም እንዳልናገር ለምነውኝ ነበር።

እንደምታውቁት ማኅበራችን ለብዙ ዓመታት የጸለየው ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በተከራየነው ቪላ ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግተን ነው። በ2000 ዓ.ም. ለክርስቲያኖች በተሰጠው ግቢ ውስጥ ይህን አዳራሽ ስናገኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፀጋዬ፣ በመቅደሱ መጋረጃ በላይ ባለው በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አንድ የስቅለት መስኮት እንዲሠሩ አቶ ፍቅረማርያምን ጠየቁ። ችግሩ የግቢው ደንብ ነበር። መስቀልም ሆነ ሥዕል ከውጭ መታየት የለበትም። አንዱ በፕላስቲክ ላይ የታተመ ሥዕል እንለጥፍ አለ። ሌላው መስታወቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ከኋላው አምፖል እናብራ አለ። አቶ ፍቅረማርያም ሁሉንም ሰምተው፣ በፀሐይ ካልሆነ እኔ አልሠራም አሉ። በሕይወታቸው ድርቅ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መላውን ራሳቸው አመጡ። ከውጭ በኩል ወተት የመሰለ ተራ ነጭ መስታወት፣ ከእርሱ ኋላ አንድ ጋት ክፍተት፣ ከዚያ ወደ እኛ በኩል ሥዕሉ። ብርሃን ነጩን ያልፋል፤ ዓይን ግን አያልፍም። ሊያይ የመጣው የግቢው ተቆጣጣሪ ከውጭ ሆኖ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ከነጭ መስኮት በቀር ምንም ስላላየ ፈቀደ። ካህናችን ቀሲስ ሀብተ ማርያም በዚያው ሳምንት ስብከታቸውን ከዚህ ነገር አወጡት። ብርሃን መስታወቱን ሳይሰብር እንደሚያልፍ፣ ጌታም የድንግልናዋን ማኅተም ሳይለውጥ ከእመቤታችን ተወለደ ብለው አስተማሩን።

ሥራው አሥር ወር ፈጀ። ስድስቱን ቀን ሹግል፣ የድርጅቱ ሥራ፣ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሰናዒያ። የድርጅቱ ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ ቀለም የሚቃጠልበትን ምድጃ ፈቀዱላቸው፤ ምን እንደሚሠራም አልጠየቁም። ሥዕሉ መቶ ሠላሳ ሰባት ቁራጭ ነው። ለእመቤታችን ልብስ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ አለው። በንስሐ ለዳነው ወንበዴ ከሁሉም የደመቀውን ቢጫ ሰጡት፤ በመጨረሻ ሰዓት ስለበራ ነው አሉ። ከመስቀሉ ግርጌ ከአዳም ራስ ቅል አጠገብ አንዲት የተከፈተች የባሕር ዛጎል ከነዕንቋ አለች። ቀሲስ ይህቺን ከየት አመጣሃት ብለው ሲጠይቋቸው፣ ዕንቁ በወንጌልም እንዳለ፣ ይህ ሀገርም ከነዳጁ በፊት ዕንቁ ከባሕር እያወጣ ይኖር እንደነበር፣ ያበላንን ሀገር ከሥዕሉ ውጭ መተው ነውር እንደሚሆን ነገሯቸው። ጽሑፍ ግን አንድ ፊደል አላደረጉበትም። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳያፍር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። አቶ ፍቅረማርያም ስኳር ከታመሙ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መስኮቱ ተጠናቆ ሊገጠም ሲል፣ ሐምሌ 2000 ዓ.ም.፣ የእግራቸው ጣት ቆስሎ ሆስፒታል ገቡ፤ ሁለት ጣት ተቆረጠ። ዓይናቸውም ውስጡ እየደማ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ግራ ዓይናቸው እንደማይመለስ፣ ቀኙም ዓመት ከቆየ ብዙ እንደሆነ ለወይዘሮ አመለወርቅና ለእኔ ነገረን። አጎቴ ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱን ተሰቅሎ የማይበት ጊዜ አለኝ ወይ አሉ።

ደምሰው ይህን ከእኔ ሲሰማ አላስቻለውም። ሐሙስ ሐምሌ 24 ቀን ከሥራ አስፈቅዶ ከአራት ጓደኞቹ ጋር መስኮቱን ሰቀለው፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ደስ ይበላቸው ብሎ። በጥንቃቄ ነበር የሠራው፤ አንድም ቁራጭ አልተሰነጠቀም። ግን ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጦ ሰቀለው።

በዶሃ አሥር ዓመት መስታወት የገጠመ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያደርግ ነበር። እዚህ መስታወት ያማረው ፊቱ ወደ መንገድ ነው። ሱቅም ሆነ ባንክ፣ ሥራ ያረፈበት ፊት ወደ ውጭ ይዞራል፤ የውስጡን ማንም አያየውም። እነደምሰውም ቀለም የተሣለበትን ፊት እንደለመዱት ወደ ውጭ አዙረው፣ ነጩን መስታወት ከላዩ ገጥመው፣ ዙሪያውን በሲሊኮን አሽገው ወረዱ። ፊደል የለው፤ ተገልብጦ እንደሆነ በምን ይወቁ?

በማግስቱ ዓርብ ለቅዳሴ ስንገባ ሁላችንም አየነው። በጌታ ቀኝ ማለት፣ ጌታ ወደ እኛ ስለሚያይ፣ ወደ ወንዶቹ መቆሚያ በኩል ነው። ያ ባለ ቢጫው ግን የተገኘው በእኛ በሴቶቹ በኩል ነው። በወንዶቹ ራስ ላይ አንድ ዓይኑ ወንበዴ ቁጭ ብሏል። ከሁሉ የከፋው የጌታ ራስ ነበር፤ ወደ ቀኝ መሆኑ ቀርቶ ወደ ግራ አዘንብሏል። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ የዳነው ወደኛ መጣ ብለው በነጠላቸው ሥር ሣቁ። ወንዶቹ አልሣቁም። ደምሰው ነገሩን የሰማው ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ነው። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ አልገባም። አጎቴን በር ድረስ ያደርሳል፣ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል፣ ይመልሳል። ሲጠየቅ ፓርኪንግ የለም ይላል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰውየው ገና ከቁስሉ አልዳነም፣ ዓይኑም ደክሟል፣ አያየውምና ፍልሰታ እስኪፈታ አይነገረው ተባለ። ፍልሰታ ተፈታ፤ ዘመን መለወጫ ይለፍ ተባለ። አለፈ፤ ገና ደረሰ፤ በበዓል ሰው አይከፋም ተባለ። ከዚያ ጥምቀት። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እንደኔ የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሰው የገደለ በሽታ ነው። ቢሆንም ልዋሽ አልችልም፤ እኔም አፌን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አቶ ፍቅረማርያም ነሐሴ 9 ቀን በዱላ ተደግፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው ሲቀመጡ፣ ሁለት መቶ ሰው እንኳን ደስ ያለዎት፣ ድንቅ ነው እያለ ጨበጣቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩና ደምሰው ይመስገን፣ አንድም አልሰበረም አሉ። በየዓርቡም ይህንኑ ይሉ ነበር።

መጋቢት 2001 ዓ.ም. ቀኝ ዓይናቸው ጥላና ቀለም ብቻ መለየት ጀመረ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ስወጣ ደውለው ወደ አዳራሹ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ማንም አልነበረም። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ምንጣፉ ላይ ወድቃለች። ወንበር አምጥቼ በቦታቸው፣ በወንዶቹ በኩል አስቀመጥኳቸው። ቀና ብለው እጃቸውን አንሥተው አመለከቱ።

«ቢጫው በሴቶቹ በኩል ነው» አሉኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ ነው አሉኝ። መልኩን ለይተው ባያዩም የትኛውን ቀለም የት እንዳስቀመጡ ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ስላቸው፣ ደምሰው አለማወቁን ነው የማውቀው፣ ሰው ባላስተዋለው ነገር ለምን አዋርደዋለሁ አሉኝ። ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ኮሚቴ እንደተቀመጠበት፣ ደምሰው ስምንት ወር ሙሉ በር ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሣቁ። ሁለት መቶ ሰው እኔን ሲደብቅ፣ እኔ ሁለት መቶውን ስደብቅ ከረምን ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። የደምሰው ነገር ሲገባቸው ግን ሣቁ ቆመ። እኔ ፓርኪንግ የለም ሲለኝ አምኜው ነበር አሉ። አጎቴን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዝነው አላየኋቸውም።

እኔ ግን አልረካሁም ነበር። አሥር ወር የደከሙበት ሥራ ተገልብጦ፣ ጌታ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ እንዴት በየዓርቡ ሥሩ መቀመጥ ቻሉ አልኳቸው። የመለሱልኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ስምንት ወር ሙሉ ጌታ ወደ ግራውም ሲመለከት አየሁ። አልጠላሁትም፣ ራሔልዬ። ግን እርሱ የኔ ሥራ አይደለም። እኔ የተማርኩትን ነው ለሰው ማሳየት ያለብኝ። ዓይኔም እየሄደ ነው።»

ስልኩን ከእጄ ተቀብለው እዚያው ለደምሰው ደወሉ። ገለበጥከው አላሉትም። የቱ ፊት ወደ ውስጥ እንደሆነ ምልክት ሳላደርግ ሆስፒታል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስቅለት ሳይደርስ ና አብረን እናዙረው አሉት። ደምሰው በወዲያ በኩል ሲያለቅስ እኔ ቆሜ እሰማ ነበር።

መልሶ ማዞሩ ከመጀመሪያው ሰቀላ ይከብዳል። የደረቀ ሲሊኮን በምላጭ እየተላጠ ነው የሚለቀው፤ እጅ ትንሽ ከሳተ መቶ ሠላሳ ሰባቱም ይረግፋል። እንዲያ ቢሆን እንደገና የሚሠራው ዓይን እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ፀጋዬ ይቅር፣ እንዲሁ ይሁን ብለው ነበር። ደምሰው ግን ረቡዕ ሚያዝያ 7 ቀን ከቀትር በኋላ ከነዚያው አራት ጓደኞቹ ጋር መጣ። አጎቴ ከታች ወንበር ላይ ተቀምጠው በድምፅ ብቻ ነበር የሚመሩት። የምላጩን ድምፅ ሰምተው ቀስ በል፣ እዚያ ጋ እርሳሱ ቀጭን ነው ይላሉ። ሲወርድ ከእመቤታችን ልብስ አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ተሰነጠቀች። ደምሰው ከተረፈው መስታወት ሌላ ቆርጦ ሰጣቸው። ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው፣ ከላይ በኩል የፀጉር ያህል ቀንስ አሉት። ቀነሰ፤ ልክ ሆነች። እንደተጠናቀቀ ደምሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ሐሙስ የቀረችው ጥቂት ብርሃን ከቀኝ ዓይናቸው ጠፋች። እኛ ማልቀስ ስንጀምር እርሳቸው ምን ሆናችሁ፣ የነገ ልብሴ ተተኩሷል ወይ አሉ። ዓርብ ሚያዝያ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ደምሰው በር ላይ አላቆመም። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ አስገባቸው፤ ለጸሎት ከስምንት ወር በኋላ መግባቱ ነበር። የዳነው ወንበዴ ታሪክ ተነቦ ሰው ለስግደት ሲዘጋጅ አጎቴ የደምሰውን እጅ ይዘው፣ እያየህ ንገረኝ አሉት። ደምሰው በሰው ፊት መናገር የሚችል ሰው አይደለም። ያን ዕለት ግን ለአንድ ሰው የሚነግር ሳይመስለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጨረቃዋን፣ ዮሐንስን፣ ዛጎሏን፣ ሰማያዊውን ልብስ፣ ቢጫውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠው ነበር። የጌታ ራስ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ወደ የት ነው ያዘነበለው ብለው ጠየቁት።

«ወደ ወንዶቹ ነው፣ ጋሼ። ወደ እርስዎ።»

አቶ ፍቅረማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስግደቱን መነሣት ባይችሉም ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ እስከ መጨረሻው ፈጸሙ።

ከትንሣኤ በኋላ ኩላሊታቸው ደከመ። ሁለት ሳምንት በሆስፒታል ተኝተው፣ ለቀሲስ ሀብተ ማርያም ተናዝዘው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ረቡዕ ግንቦት 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። አስከሬናቸው ነገ ወደ ሀገር ቤት ተሸኝቶ በድሬዳዋ በእናታቸው በወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አጠገብ ያርፋል። ሳጥናቸው አሁን ያለው በወንዶቹ በኩል ነው። እዚያ እንዲሆን ራሳቸው ናቸው ያዘዙት።

አቶ ፍቅረማርያም ባለቤታቸውን ወይዘሮ አመለወርቅ ታደሰን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘውዱን፣ ልጆቻቸውን ሥዩም ፍቅረማርያምን፣ ሊያ ፍቅረማርያምንና ደምሰው አበራን ትተው አልፈዋል። የደምሰው ስም ከልጆቹ ተርታ መግባቱ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። ወይዘሮ አመለወርቅ ናቸው በዚያ እንዲጻፍ ያሉት፤ ሥዩምና ሊያም ተስማምተዋል። ደምሰው አሁን ነው የሚሰማው። ለሐዘን የሚደርስ ሰው እርሱንም ጎራ ብሎ ያጽናናልን፤ በይሉኝታ ዝም ብሎ እንዳያልፈው።

በሕመማቸው ጊዜ ያስታመማችሁ፣ ደም የሰጣችሁ፣ ከሹግል አስፈቅዳችሁ ዛሬ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ዓይናቸው ሄዶ የተስተካከለውን መስኮት በፀሐይ ሳያዩት ለቀሩት ለአባታችን ለአቶ ፍቅረማርያም፣ ብርሃን ከኋላው ሳይሆን ከራሱ የሚወጣውን ጌታ ፊት ለፊት እንዲያዩ ይፍቀድላቸው። ነፍሳቸውን በቀኙ ያቁምልን። አሜን።